ዊልያም ጄምስ በአንድ ቀን አልዳነም

ዊልያም ጄምስን መጀመሪያ ያወቅሁት ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም። መንገድ ዳር ተዘርግተው ከሚሸጡት አነቃቂ መጻሕፍት በአንዱ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ታሪኩ አጭርና ጣፋጭ ነው። ሰውየው በወጣትነቱ ከባድ ድብርት ይዞት ራሱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር፤ ከዕለታት አንድ ቀን በነፃ ፈቃድ ለማመን ወሰነ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳነ፤ ኋላም የአሜሪካ ሳይኮሎጂ አባት ለመባል በቃ። አለቀ!

መምህራችን በዚህ ሴሚስተር የሰጡን ሥራ፣ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን አንድ ታዋቂ ሰው መርጠን ታሪኩን አንዲትም ጥቅስ ሳናስገባ እንድንጽፍ ነው። ጥቅስ መከልከላቸው መጀመሪያ ላይ አናዶኝ ነበር (ገጽ የሚሞላው እሱ አይደል!)። ጄምስን ስመርጥ ግን ጠቀመኝ። ይሄ ሰው ከሥራው ይልቅ በጥቅሶቹ የሚታወቅ ሰው ነው። ጥቅሶቹን አውጥቼ ስጥላቸው በእጄ የቀሩት ቀናትና ዓመታት ብቻ ናቸው፤ እነሱን በተርታ ደርድሬ ስቆጥራቸው ደግሞ የአንድ ቀኑ ታሪክ አልወጣልኝም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ዊልያም የተወለደው ጥር 1842 ኒውዮርክ ከተማ ነው። አያቱ ከአየርላንድ ተሰደው መጥተው አልባኒ ከተማ ውስጥ በንግድ እጅግ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። አባቱ ሄንሪ ጄምስ በልጅነታቸው በእሳት ቃጠሎ አንድ እግራቸውን አጥተዋል። ካደጉ በኋላ በውርስ ባገኙት ሀብት እየኖሩ ስለ ሃይማኖትና ፍልስፍና የሚጽፉ፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ከአሜሪካ አውሮፓ፣ ከአውሮፓ አሜሪካ የሚመላለሱ ሰው ሆኑ። ልጆቹ በጄኔቫ፣ በለንደንና በፓሪስ እየተዘዋወሩ ተማሩ። አምስት ነበሩ፤ የመጀመሪያው ዊልያም፣ ሁለተኛው በኋላ በልብ ወለድ ድርሰቱ ዓለም ያወቀው ሄንሪ (የአባቱን ስም የወረሰ)፣ ቀጥሎ ዊልኪና ሮበርትሰን፣ የመጨረሻዋ አሊስ።

በዚያ ቤት ድብርት እንግዳ አልነበረም። ዊልያም የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1844፣ ቤተሰቡ እንግሊዝ አገር ዊንዘር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን አባትየው ምሳ በልተው ብቻቸውን እንደተቀመጡ ያለ ምንም ምክንያት ድንገተኛ ፍርሃት ወረሳቸው፤ የማይታይ አንድ ክፉ ነገር ክፍሉ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠ መሰላቸው። ከዚያ ድንጋጤ ለመውጣት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ልጃቸው አሊስ በ1878 በዚሁ ዓይነት ሕመም ወደቀች፤ ሮበርትሰን ከመጠጥና ከኀዘን ጋር ሲታገል ኖረ፤ ሄንሪም ተራው ደርሶታል፣ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። ዘር ነው? አስተዳደግ ነው? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ብቻ ዊልያም ከዚያ ቤት ነው የወጣው።

ወጣትነቱን ላየው ሰው የማይወስን ሰው ታሪክ ነው። በ1860 ሠዓሊ ልሁን ብሎ ኒውፖርት ከተማ ስዕል ተማረ፤ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተወው። በ1861 ሃርቫርድ ገብቶ ኬሚስትሪ ጀመረ፤ ያን ጊዜ የአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት ተነስቶ ሁለቱ ታናናሾቹ ሲዘምቱ እሱ ቀረ። ዊልኪ ፎርት ዋግነር በተባለው ውጊያ በ1863 ክፉኛ ቆስሎ ቤት ድረስ ተሸክመው ሲያመጡት፣ ትልቁ ወንድሙ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ በእርሳስ ስሎታል። በ1864 ወደ ሕክምና ትምህርት ዞረ። በ1865 ደግሞ ሉዊ አጋሲ ከተባለው ሊቅ ጋር ዓሣ ሊሰበስብ ብራዚል፣ አማዞን ወንዝ ድረስ ሄዶ እዚያ ቀለል ያለ ፈንጣጣ ያዘው፤ ዓይኑም ታመመ። ከጉዞው የተማረው ናሙና መሰብሰብ የእሱ ሥራ አለመሆኑን ነው።

ከዚያ ነው ነገር የመጣው። ከ1867 ጀምሮ ጀርባው እየታመመ መቀመጥ አቃተው። ዓይኑ ለንባብ እምቢ አለው፤ እንቅልፍና ሆዱም ተበላሹ። ወደ ጀርመን ሄዶ በርሊን ውስጥ የፊዚዮሎጂ ትምህርት ሰማ፣ ቦሄሚያ ውስጥ በሚገኘው የቴፕሊትዝ ፍልውኃም ሲታጠብ ከረመ። ብዙም አልረዳውም። በዚያን ጊዜ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንደሚመላለስበት ለወዳጆቹ በደብዳቤ ገልጿል። በ1868 መጨረሻ ላይ አገሩ ተመለሰ፤ በ1869 የሕክምና ዲግሪውን ያዘ። በዲግሪው አንድም ቀን አልሠራበትም፤ በቀጥታ ወደ አባቱ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ቢርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለዚህ ዓይነቱ መዛልና ጭንቀት ኒውራስቴኒያ የሚል ስም አስተዋውቆ ነበር፤ የነርቭ ኃይል ማለቅ እንደማለት ነው። ስሙ ተገኘ እንጂ መድኃኒቱ የት አለ!

ጄምስን ከሌላው በሽተኛ ለየት የሚያደርገው ሐሳቡ ራሱ ማስፈራቱ ነው። በርሊን የተማረው ትምህርት አእምሮ ማለት የነርቮች እንቅስቃሴ ነው፣ ነርቭም እንደ ማንኛውም ነገር በተፈጥሮ ሕግ ይንቀሳቀሳል የሚል ነበር። ይሄን የሰማ ጤነኛ ሰው ፈተናውን ተፈትኖ ሻዩን ይጠጣል። በድብርት ውስጥ ላለ ሰው ግን ፍርድ ነው። የተበላሸ ማሽን ከሆንኩ፣ ማሽን ደግሞ ራሱን የማይጠግን ከሆነ፣ የእኔ መታገል ምን ዋጋ አለው? እንግዲህ ጄምስ ቀን ከሌት ይዞት የሚውለው ጥያቄ ይሄ ነበር።

ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ (ቀኑን ራሱ አልጻፈውም፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉትም አይስማሙም) ጀንበር ስትጠልቅ ጨለም ወዳለ ክፍል ሲገባ እንደ አባቱ ድንገት ፍርሃት ወደቀበት። በዚያው ቅጽበት ቀደም ሲል በአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ያየው አንድ የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት ትዝ አለው፤ ቆዳው አረንጓዴ የመሰለ፣ ጉልበቱን አቅፎ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጥ። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ልዩነታችን ጊዜው አለመድረሱ ብቻ ነው ብሎ አመነ። ከዚያ በኋላ ለወራት በጨለማ ብቻውን መውጣት አቃተው፤ በየጠዋቱም ሆዱ ውስጥ ፍርሃት ይዞ ይነቃ ነበር። ይሄ ትዕይንት በኋላ ያልጠበቅሁት ቦታ ላይ ይመጣል።

መጋቢት 1870 የሚወዳት የአክስቱ ልጅ ሚኒ ቴምፕል በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

አሁን ያቺ ታዋቂ ቀን ደረሰች፤ ሚያዝያ 30 ቀን 1870። የማስታወሻ ደብተሩ ላይ እንደሰፈረው፣ ሻርል ሬኑቪዬ የሚባል ፈረንሳዊ ፈላስፋ ስለ ነፃ ፈቃድ የጻፈውን አንብቦ ጨርሷል። የሬኑቪዬ ነጥብ ቀላል ነው፤ ሰው ሌላ ሐሳብ ማሰብ እየቻለ አንዱን ሐሳብ መርጦ አጥብቆ መያዙ፣ ነፃ ፈቃድ የሚባለው ይኸው ነው። ጄምስ ይሄን ለመቀበል ወሰነ፤ የመጀመሪያው የነፃ ፈቃድ ሥራውም በነፃ ፈቃድ ማመን እንዲሆን ፈቀደ። አነቃቂዎቹ መጻሕፍት እዚህ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ።

ገጹ ግን አላበቃም። ቀጥሎ የጻፈው ለኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ዝም ብሎ ሐሳብ ማብሰልሰሉን አቆማለሁ፣ ወደ ተግባር እዞራለሁ፣ በትናንሽ ልማዶች ላይ እሠራለሁ፣ ከጥር በኋላ ቆዳዬ ሲጠነክር ምናልባት ወደ ፍልስፍናው እመለስ ይሆናል የሚል ይዘት አለው። ስምንት ወር ለራሱ ሰጠ ማለት ነው! ሐሳብን እንደ ከብት ማመንዠኩን ለመተው ወሰነ እንጂ ዳንኩ አላለም።

ደግሞም አልዳነም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ቁጠሩልኝ። 1870 እና 1871 አባቱ ቤት ነው፤ ሥራ የለውም። በ1872 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበረው፣ ቀድሞ ኬሚስትሪ ያስተማረው ቻርልስ ኤልየት፣ ፊዚዮሎጂ እንዲያስተምር ጠየቀው፤ ጄምስም እሺ አለ። ማስተማር የጀመረው በ1873 ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። በመጋቢት ላይ ለአባቱ በጣም እንደተሻለው ነገራቸው። አባትየው ምን ረዳህ ብለው ሲጠይቁት ከመለሰላቸው ነገሮች አንዱ የሬኑቪዬ መጽሐፍ ነው፣ ሌላው ደግሞ የአእምሮ ሕመም ሁሉ የግድ ከአካል የመጣ መሆን አለበት የሚለውን እምነቱን መተው። ጨርሶ ግን አልዳነም፤ በዚያው ዓመት መጸው ላይ ማስተማሩ ከብዶት ዕረፍት ወስዶ ወንድሙ ሄንሪ ወዳለበት ወደ ጣልያን ሄደ። በ1875 የሳይኮሎጂ ትምህርት መስጠት ጀመረ። በ1878፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ላይ፣ አሊስ ጊበንስ የምትባል መምህርት አገባ፤ ባለቤቱ በጣም ያረጋጋችው ሰው ነበረች። ከሚያዝያ 1870 እስከ ሠርጉ ስምንት ዓመት ነው። አንዷን ቀን የዳነበት ቀን የምናደርጋት ለዜና ስለምትመች ነው፤ የመጀመሪያ መስመር የሚሆን ነገር ፈልጉ ተብለን ተምረናል አይደል?

ያን ዓመት ሌላም ነገር ሆኗል። ሄንሪ ሆልት ከተባለ አሳታሚ ጋር የሳይኮሎጂ መጽሐፍ ሊጽፍ ተዋዋለ። በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። በ1890 ሲወጣ ሁለት ጥራዝ፣ ወደ አንድ ሺህ አራት መቶ ገጽ ነበር። በመጀመሪያው ጥራዝ አራተኛው ምዕራፍ ስለ ልማድ ነው፤ በእንግሊዝኛ እያዘገምኩ ያነበብኩትም እሱን ነው። እዚያ ላይ ጄምስ የአንጎል ቁስ ፕላስቲክ ነው ይላል። ፌስታል ማለቱ አይደለም፤ ግፊት ሲበዛበት ቅርጹን የሚለውጥ፣ ሲለወጥ ደግሞ አዲሱን ቅርጽ የሚይዝ ማለቱ ነው። ውኃ በሄደበት ቦታ ቦይ ይቆፍራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በዚያው ይሄዳል። የኛ ግቢ ሣር ላይ ያለውን አቋራጭ መንገድ አስቡት። ማንም መሐንዲስ አልሠራውም፤ በየቀኑ የተረገጠ ነው። አጥሩ ቢዘጋ መንገዱ ከርሞ ሣር ያበቅላል፤ ሌላ አቅጣጫ ደግሞ ይረገጣል።

ልብ በሉ፣ ሲናፕስ የሚለው የነርቭ መገናኛ ስም እንኳ የወጣው መጽሐፉ ከታተመ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ጄምስ ይሄን ለውጥ በማይክሮስኮፕ አላየውም። ጥቂት ፊዚዮሎጂ፣ ጥቂት የሌሎች ጽሑፍ፣ የቀረውን ደግሞ ከራሱ ሕይወት ነው ያመጣው የሚል ግምት አለኝ፤ የ1870ው ማስታወሻና የ1890ው ምዕራፍ ጎን ለጎን ሲነበቡ ወንድማማች ይመስላሉ። ወጣት ሳለ ያስፈራራው ያ የነርቭ ትምህርት ጎልማሳ ሲሆን ተስፋ ሆኖ ተመለሰ። አንጎል ማሽን ቢሆንም እንኳ በተሠራበት ቁጥር የሚለወጥ ማሽን ነው።

እስቲ ጄምስን ለአፍታ እንተወውና ዛሬ ስለሚታወቀው ላውራ። ሰው ከድብርት ሲያገግም አንጎሉ ውስጥ የሚለወጠው ምንድን ነው? አሜሪካዊቷ የነርቭ ሐኪም ሄለን ሜይበርግና ባልደረቦቿ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ሰዎች አሳዛኝ ትዝታ እንዲያስታውሱ አድርገው አንጎላቸውን በመሣሪያ ተመለከቱ። ከግንባር በስተጀርባ፣ ወደ ታችና ወደ መሃል ጠለቅ ብላ ያለች ትንሽ ክፍል ሥራዋ ሲጨምር፣ ለማቀድና ለማመዛዘን የሚያገለግለው የላይኛው ክፍል ሥራው ቀነሰ። ድብርት የነበረባቸው ሰዎች ሲያገግሙ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ የታችኛዋ ረገብ አለች፣ የላይኛው ነቃ። ይኸው ቡድን በ2004 በንግግር ሕክምና የተሻላቸውንና በመድኃኒት የተሻላቸውን ሲያነጻጽር፣ ሁለቱም ቡድን ተሽሎት ሳለ አንጎላቸው ውስጥ የታየው ለውጥ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንድ ከተማ በሁለት መንገድ እንደመግባት ነው። ንግግር ለአእምሮ፣ ክኒን ለአንጎል የሚባለው ክፍፍል እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ንግግርም አንጎልን ይነካል።

ሌላው ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ነው። በግራና በቀኝ፣ በጆሮ በኩል ወደ ውስጥ ይገኛል፤ የማስታወስ ሥራ አለው፣ የጭንቀት ሆርሞን ሲበዛም ልጓም ይሆናል። ድብርት በተመላለሰባቸው ሰዎች ላይ በአማካይ ትንሽ አነስ ብሎ ይገኛል (በአማካይ የሚለውን አስምሩበት፤ አንድን ሰው በዚህ መመርመር አይቻልም)። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ረጅም ጭንቀት እዚያ ያሉትን የነርቭ ሴሎች ቅርንጫፍ ያሳጥራል፤ ጭንቀቱ ሲቆም ግን ቅርንጫፎቹ መልሰው ያድጋሉ። እኔን ያስገረመኝ የጊዜው ነገር ነው። የተለመዱት የድብርት መድኃኒቶች ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚነኩት በሰዓታት ውስጥ ነው፤ በሽተኛው መሻል የሚጀምረው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ጉዳዩ ንጥረ ነገር መሙላት ብቻ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ በተሻለው ነበር። ድብርት የሴሮቶኒን እጥረት ነው የሚለው ቀላል ማብራሪያ በቂ ማስረጃ እንደሌለው በ2022 የወጣ ሰፊ ግምገማ አሳይቷል። ብዙ ተመራማሪዎች አሁን የሚያዩት ወደ ዕድገቱ ነው፤ አዲስ ግንኙነት ለመዘርጋት፣ ለነርቭ ማዳበሪያ የሚሆነውን ፕሮቲን ለማመንጨት ጊዜ ይፈልጋል ባይ ናቸው።

አዲስ የነርቭ ሴል ይወለዳል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጭቅጭቅ ነው። በ1998 በአዋቂ ሰው ሂፖካምፐስ ውስጥ እንደሚወለድ የሚያሳይ ጥናት ወጣ። በ2003 አይጦች ላይ አዲሶቹ ሴሎች እንዳይወለዱ ሲደረግ መድኃኒቱ በጠባያቸው ላይ ያመጣ የነበረው ለውጥ ቀረ። በ2018 ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጥናቶች ወጥተው አንዱ በአዋቂ ሰው ላይ የለም፣ ሌላው እስከ እርጅና አለ አሉ! ለጋዜጠኛ የምመክረው፣ አንዱን ብቻ ይዞ አርዕስት እንዳያወጣ ነው። በ2011 የታተመው ጥናት ግን ቀላልና ደስ የሚል ነው፤ አንድ መቶ ሃያ አረጋውያን ተመርጠው ግማሾቹ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ሲያደርጉ ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ያህል ጨመረ። ድብርት ያለባቸው ሰዎች አልነበሩም። ቢሆንም ስልሳ ዓመት ያለፈው አንጎል በእርምጃ መለወጡ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝበው ያለ ምክንያት አይደለም። አምና በኛ ዶርም የሚኖር አንድ ልጅ (ስሙን እንዳልጠቅስ ተስማምተን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል) ቀስ በቀስ ክፍል መቅረት፣ ኋላም ካፌ መውረድ ተወ። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። አንዱ ሰነፍ ነው አለ፣ አንዱ ፀበል ይውሰዱት አለ። አንድ ሲኒየር ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያንኑ የዊልያም ጄምስ ታሪክ ነገረው፤ ሰውየው እንዴት ወስኖ እንደዳነ። ልጁ ዝም ብሎ ሰማና በየማታው እንደሚወስን፣ በየጠዋቱ ደግሞ እንደሚሸነፍ ነገረው። ከዚያ በኋላ ጭራሽ መናገር አቆመ። ለበሽተኛ አንድ ቀን ወስኖ ዳነ የሚል ታሪክ መንገር፣ አንተ ያልዳንከው ስላልወሰንክ ነው ብሎ እንደመክሰስ ነው። ልጁ ዊዝድሮው ሞልቶ ቤተሰቡ ጋ ሄደ፤ እዚያ ሐኪም አየው፣ መድኃኒትም የምክር አገልግሎትም ጀመረ። ዘንድሮ ከኛ በታች ካለው ባች ጋር ይማራል። መቼ ነው የተሻለህ ብዬ ጠይቄው ነበር። ቀኑን አያውቀውም። ብቻ አንድ ቀን ወጥ ሲበላ ጨው ማነሱን እንዳስተዋለ ያስታውሳል፤ ለወራት ምንም ጣዕም አልነበረውም።

ወደ ጄምስ ልመለስ። የልማዱ ምዕራፍ ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ሰው ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ጠባዩ እንደ ጂፕሰም ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ አይለሰልስም የሚል ሐሳብ አለበት። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ስለሆነ ዘጠኝ ዓመት ቀርቶኛል ብዬ ልቀልድ እችላለሁ። ቀልዱን ወደ ጎን ብንተወው ግን የጸሐፊውን ታሪክ እዩት፤ ሥራ የያዘው በሠላሳ አንድ፣ ያገባው በሠላሳ ስድስት፣ ያን መጽሐፍ የጨረሰው በአርባ ስምንት ዓመቱ ነው። የራሱን ምዕራፍ ያፈረሰው የራሱ ሕይወት ነው። ደግሞም ድብርቱ ነቅሎ አልሄደም። በ1885 ገና የሁለተኛ ዓመት ልደቱ ያልደረሰ ሄርማን የሚባል ልጁ ሞተበት፤ እንቅልፍ ማጣቱና ጀርባው እየተመላለሱ ይጎበኙት ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ሲወድቅ የሚመለስበት የተረገጠ መንገድ ነበረው፤ ክፍል፣ ተማሪዎች፣ የሚጻፍ ነገር፣ ባለቤቱ።

በ1901 እና በ1902 ኤዲንብራ ስኮትላንድ ሄዶ ስለ ሃይማኖታዊ ተሞክሮ ልዩ ልዩ ገጽታዎች ንግግር አደረገ፤ በ1902 መጽሐፍ ሆነ። እዚያ ውስጥ ስለ ታመመች ነፍስ በሚያወራበት ክፍል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፍርሃት የወደቀበትን፣ አረንጓዴ ቆዳ ያለው በሽተኛ የታየውን ሰው ታሪክ አስገብቷል። ባለታሪኩ ፈረንሳዊ ነው፣ ደብዳቤውን ከፈረንሳይኛ ተርጉሜ ነው ይላል። ስሙ አልተጠቀሰም። ለሥራው የፈረንሳይኛ ተርጓሚ በ1904 በጻፈው ደብዳቤ ነው ያ ሰው እሱ ራሱ መሆኑን ያመነው። ተርጓሚው ዋናውን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ቢፈልገው ከየት ሊያመጣ ነበር! ሕዝቡ ያወቀው እሱ ከሞተ በኋላ፣ ልጁ ደብዳቤዎቹን በ1920 ሲያሳትም ነው።

በሥነ ምግባር ኮርሳችን ሚዛን ብናየው ይሄ ጥፋት ነው። ምንጭን መደበቅ ይፈቀዳል፣ ምንጭ መፍጠር ግን አይፈቀድም። ስለዚህ ነጥብ ሦስት ጓደኞቼ ጋር ተከራክረን አልተስማማንም። እኔ ግን ልፈርድበት አልቻልኩም። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ በሁለት አህጉር የተከበረ ፕሮፌሰር፣ በሙሉ አዳራሽ ፊት ወጣት ሳለሁ ለወራት ጨለማ እፈራ ነበር ብሎ ሊናገር አልቻለም። ግን ዝም ለማለትም አልቻለም። ምስክርነቱን ሰጠ፣ ስሙን አስቀረ።

በ1898 ተራራ ሲወጣ ልቡን ጎዳው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የልብ ሕመም ዓመታት ናቸው። በ1909 ሲግመንድ ፍሮይድ ለንግግር ዉስተር ከተማ ወደሚገኘው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ሊሰማው ሄደ። አብረው መንገድ ላይ እያሉ ደረቱን ያዘው፤ ቦርሳውን ለፍሮይድ ሰጥቶ አንተ ቅደም፣ ሲያልፍልኝ እደርስብሃለሁ አለው። ፍሮይድ ይሄን እርጋታ እስከ መጨረሻው አልረሳውም።

በ1910 መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዝ ክፉ ዜና መጣ። ወንድሙ ሄንሪ፣ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ላይ፣ በከባድ ድብርት ወድቋል፤ አይበላም፣ አይጽፍም፣ ያለቅሳል። ዊልያም ራሱ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው ሰው ሆኖ ሳለ ከባለቤቱ ጋር መርከብ ተሳፈረ። ራይ በምትባለው ትንሽ ከተማ ወንድሙ ቤት ሰነበቱ፤ አሊስ ሁለት በሽተኛ ስታስታምም ከረመች። ዊልያም ለልቡ ጀርመን አገር ባድ ናውሃይም ፍልውኃ ሞክሮ ነበር፤ አልሠራለትም። እነሱ አውሮፓ ሳሉ ታናሽየው ሮበርትሰን አሜሪካ ውስጥ ሞተ። በነሐሴ ሦስቱም አብረው ተመለሱ። ነሐሴ 26 ቀን ዊልያም ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ቾኮሩዋ በሚባለው የበጋ ቤቱ በባለቤቱ እቅፍ ሞተ። ሄንሪ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር።

ሄንሪ ከወንድሙ ሚስትና ልጆች ጋር እስከ 1911 በጋ አሜሪካ ቆይቶ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የወንድሙን ደብዳቤዎች ከማስታወሻ ጋር ለማዘጋጀት ተነሳ። በቃሉ እያስጻፈ ሲሄድ ከልጅነታቸው መውጣት አልቻለም፤ መጽሐፉ በ1913 ሲታተም የሁለት ትናንሽ ልጆች ታሪክ ሆኖ ነበር። ሁለተኛው በ1914 ቀጠለ።